በደጃፍ የተንጠለጠለችው ሽብልቅ

አንድ ጊዜ፣ በሮቹ ሁሉ በአንድ ጃርት እጅ በተሠሩበት መንደር፣ አንዲት አህያ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ ቡላ ይባላል። ከእሱ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ጅብ በልቶባታል፤ ያኔ በሯ የጭራሮ ነበር። ጃርት የእንጨት በር ከነቁልፉ ሠርቶ ከገጠመላት ወዲህ ግን ልጇን ቆልፋበት ወደ ሥራ መሄድ ቻለች። እሷ ቀኑን ሙሉ ጭድ ስታመላልስ ትውላለች፤ ቡላ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን በሰኮናው እየጠለዘ ይጠብቃታል።

የበሩን አሠራር እናስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ከውጭ በኩል አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ ጀርባ ደግሞ አጭር፣ የተቦረቦረ ቦይ አለ። የቤቱ ባለቤት የቁልፍ እንጨቷን በቀዳዳዋ ስትሰድ እንጨቱ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። በእንጨቱ ላይ የተቆረጡት ጥርሶች ከቦዩ ጥርሶች ጋር ከገጠሙ መቀርቀሪያው ይነሳል፤ ካልገጠሙ አይነሳም። የፍየል ቁልፍ የበግን በር አይከፍትም፤ የበግም ቁልፍ የአህያን። ጅብ አምስት ክረምት ሙሉ ጭራሮ እየሰበረ፣ የቁልፍ ልክ እያስመሰለ ሲሰድ ከርሟል። አንዱም አልገጠመለትም።

አንድ ቀን ጃርት የራሱን በር ሲጠግን አንድ ነገር አየና ላብ አጠመቀው። ቦዩ ጥርስ ይመረምራል እንጂ ርዝመት አይመረምርም። መጨረሻው ክፍት ነው። አንድ ሰው ከቦዩ የረዘመ እንጨት ቢሰድ፣ እንጨቱ ጥርስ ኖረውም አልኖረውም ቦዩን አልፎ ይሄድና መቀርቀሪያውን ከኋላው ገፍቶ ይጥለዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ረዥም እንጨት ያልሞከረው፣ ቀዳዳዋ አጭር እንጨት ብቻ የምትቀበል ስለምትመስል ነበር። ስልካችንንና ኮምፒውተራችንን በሚያንቀሳቅሰው ሥርዓተ ክወና ውስጥም እንዲህ ያሉ ቦዮች አሉ፤ የሚገባውን ነገር መልኩን ጠይቀው ልኩን ሳይጠይቁ የሚያስገቡ። ሠሪው አስቦ አይደለም፣ ዘንግቶት ነው።

ጃርት ሌላውን ሥራ ሁሉ ጣለ። ለየቤቱ ከወይራ እንጨት አንድ አንድ ትንሽ ሽብልቅ ጠረበ። ሽብልቋ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ስትመታ፣ የረዘመ ነገር ሁሉ ማለፊያ ያጣል። መድኃኒቱ ይህ ነበር። ችግሩ፣ እሷን ለመግጠም በሩ ከነማጠፊያው መነቀል አለበት፤ ባለቤቷም ከሥር ገብታ በጀርባዋ ደግፋ መቆም አለባት። በዚያ ሰዓት መውጣት መግባት የለም፣ ሥራም የለም። «ግማሽ ቀን ይፈጃል» እያሉ መንደርተኞቹ ገና ሳይሞክሩት ፈሩት።

ጃርት ወደ አህዪት ቤት ሲደርስ ጭነቷን እያጠበቀች ነበር።

«አህዪት፣ ይቺን በርሽ ላይ ልገጥምልሽ መጣሁ።»

«በሬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንዳይሆን ነው።»

«ምን እንዳይሆን?»

ጃርት ግራ ቀኙን አየ። «እሱን አልነግርሽም።»

«እንዴ! የገዛ በሬን ጉዳይ?»

«ለአንቺ ስነግር ፍየል ትሰማለች። ፍየል ከሰማች መንደሩ ሰማ ማለት ነው። መንደሩ ከሰማ ጅብም ይሰማል። ሁሉም ቤት እስኪገጥም አፌን ይዤ እቆያለሁ። አንቺ ብቻ ዛሬውኑ አስገጥሚ።»

አህዪት ሳቀች። «አያ ጃርት፣ ይህ በር አምስት ክረምት አላሳፈረኝም። የሠራኸው አንተው አይደለህ? ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው፤ ራስህን አትጠራጠር።»

«እኔ ስለሠራሁት እኮ ነው የምጠራጠረው!»

«እሺ፣ እሺ። ዝናቡ ሳይመጣ ጭዱን ላስገባና። ነገ አስታውሰኝ።»

በነጋታው አስታወሳት። «ነገ» አለች። በሦስተኛው ቀን ገና ከሩቅ ስታየው «ሰማሁህ፣ ሰማሁህ! ነገ!» ብላ ጮኸችበት። በአራተኛው ቀን እሾሁ ከቁጥቋጦው በላይ ብቅ ሲል አየችና በሌላ መንገድ ሄደች። ጃርት ሽብልቋን ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ተመለሰ።

ክፋት አልነበረባትም። ጭዱ በዝናብ ከበሰበሰ ቡላ ክረምቱን ምን ይበላል? የምትሮጠው ለእሱ ነበር። ጃርት ስለ በሩ ሲያወራ እሷ የምታየው የጎተራዋን ባዶ ጥግ ነው።

የሽብልቋ ወሬ ንጉሡ አንበሳ ጆሮ ደረሰ። አንበሳ ማዘዝ ይወዳልና አዘዘ፦ «ሽብልቅ ያልተቀበለ ቤት እንዳይኖር!» አስፈጻሚ ሆኖ ከርከሮ ተላከ። ትእዛዙን ልብ በሉልን፤ «ያልተቀበለ» ነው እንጂ «ያልገጠመ» አይልም።

ከርከሮ አንገቱ አጭር ነው። በየበሩ እያጎነበሰ ቦይ ውስጥ ማየት አይሆንለትም።

«ሽብልቅ ደርሶሻል?» አላት አህዪትን።

«ደርሶኛል፤ ይኸውና።»

«ጎሽ! እንግዲህ ከመንገድ እንዲታየኝ በሩ ላይ አንጠልጥያት። የገጠሙትማ ‹ግባና እይ፣ ጎንበስ ብለህ እይ› እያሉ ወገቤን ሊቆርጡት ነው። የተንጠለጠለ ነገር ይሻላል፤ እያለፍኩ እቆጥረዋለሁ።»

አህዪት ደስ አላት። ሽብልቋን በገመድ አስራ በሩ መሐል ላይ አንጠለጠለቻት። ፍየል አየችና እሷም አንጠለጠለች። በግም ተከተለች። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሽብልቅ የተንጠለጠለበት ቤት ትእዛዝ አክባሪ ተባለ፤ ገጥሞ ከውስጥ የደበቀው ደግሞ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ከርከሮ መንገድ ለመንገድ እየሄደ ቆጠረና «ሁሉም ቤት ተሟልቷል» ብሎ ለአንበሳ አቀረበ።

ጃርት ብቻ ከደጃፍ ደጃፍ እየተንከራተተ «ይህ እኮ ጌጥ አይደለም! ግጠሙት!» ይል ነበር።

«አያ ጃርት ደግሞ!» አለችው ፍየል። «ሥራህን አደባባይ አወጣንልህ፤ ምን ጎደለህ?»

እመት ቀበሮ በመንደሩ ዳር ስታልፍ የተንጠለጠሉትን ሽብልቆች አየች። ቀበሮ የማታውቀውን ነገር አይታ ዝም ብላ አታልፍም። አህዪት ለጭድ እስክትወጣ ጠበቀችና ወደ በሩ ተጠግታ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

«እማዬ፣ መጣሽ?» አለ ቡላ ከውስጥ።

ቀበሮ ትንፋሿን ዋጠች። ሽብልቋን በአፏ ይዛ፣ ጅብ ጥላ ፈልጎ ወደተጋደመበት ቁጥቋጦ ሮጠች።

ጅብ ዓይኑን ሳይገልጥ አሸተተ። «ምንድን ነው? አጥንት ነው?»

«እንጨት ነው።»

«እንጨት!» አንዴ ነከሰና ተፋው። «ቅልጥም የሌለው ነገር ለምን ታመጪብኛለሽ?»

«አያ ጅቦ፣ አትንከሰው። አስብበት።»

«በባዶ ሆዴ?»

«ጃርት ይቺን ለየቤቱ እያደለ ነው። ለምን ይመስልሃል?»

«ለጌጥ።»

«ጃርት በዕድሜው ጌጥ ሠርቶ ያውቃል? እስቲ እያት። ስፋቷ ከበሩ ቦይ ስፋት ጋር እኩል ነው። በአንድ ጎኗ ሾላለች፤ ተመትታ እንድትገባ ነው። በሌላው ጎኗ ደልዳላ ናት፤ የሚመጣውን ነገር እንድታቆም ነው። ቦይ መጨረሻው ላይ ማገጃ የሚያስፈልገው መቼ ነው?»

«መቼ ነው?»

«ማለፍ የሌለበት ነገር በዚያ ሲያልፍ ነዋ!»

ጅብ አፉን ከፍቶ አያት።

«ስማኝ» አለች ቀበሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀዳዳውን አምስት ክረምት ፈልገን አጣነው። አሁን ጃርት መድፈኛውን ሠራና የቀዳዳውን መልክ አሳየን። የገጠሙት ቤቶች አይነኩም፣ እነሱን ተዋቸው። ያንጠለጠሉት ግን ቦያቸው ክፍት ነው። ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ መፈለግ እንኳ የለብንም፤ በራቸው ላይ ለጥፈውልናል። አንተ እስከ ዛሬ የምትሰደው አጭር ጭራሮ ነው። ረዥም፣ ቀጥ ያለ ሽመል ፈልግ። ስደድ፤ ሲያቆምህም ግፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትበላለህ።»

ይቺኛዋ ወዲያው ገባችው።

ቀበሮ ሽብልቋን መልሳ ከነገመዷ አንጠለጠለቻት። ሌባ የወሰደውን በፈቃዱ ሲመልስ የታየው በዚያ ቀን ብቻ ነው። አህዪት ወደ ማምሻው ስትመለስ የገመዱ አተሳሰር ልዩ ሆነባት። እንጨቷም ላይ የጥርስ ምልክት አየች። ቆም አለች። ወዲያው ግን «ይሄ ልጅ ጠዋት ስወጣ ነክሷት ይሆናል፤ ጥርስ እያወጣ ነው መሰለኝ» ብላ ፈገግ አለችና ገባች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ መንደሩ ሁሉ ለግጦሽና ለሥራ በወጣበት ሰዓት፣ አህዪት ሦስተኛ ጭነቷን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ በሯ ክፍት ሆኖ አየችው። መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ ነበር፤ ቡላ ከፍቶ የወጣ መሰላት።

«አንተ ልጅ!» ብላ ተጣራች። «ቆይ፣ አገኝህ የለ!»

ቀረብ አለች። በሩ አልተሰበረም። ማጠፊያው አልተነቀለም። ሽብልቋ በቦታዋ ተንጠልጥላ ነፋስ ያወዛውዛታል። በቀዳዳዋ ውስጥ ግን አንድ ረዥም ሽመል እንደተሰካ ቀርቷል፤ ጅብ መልሶ ለማውጣት ትዕግሥት አልነበረውም።

ጭዱ ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወደቀ። የቡላ ዱካ ከውስጥ እስከ ደጃፉ ድረስ አለ። ከደጃፉ ወዲያ የጅብ ዱካ ነው፣ ከኋላውም የቀበሮ። የቡላ የለም።

አንበሳ ሸንጎ ተቀመጠ። ከርከሮ ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ።

«ጌታዬ፣ የአህዪት ቤት ተሟልቷል። በዓይኔ አይቼ የቆጠርኩት ነው።»

«ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ?»

«ጉድለት የለም፣ ጌታዬ። ሞት ብቻ ነው ያለው።»

አንበሳ ይህ መልስ በቂ ሆኖ ታየው። ሸንጎው ራሱን ነቀነቀ።

አህዪት ግን ከርከሮንም አንበሳንም አላየችም። ጃርትን ፈልጋ አገኘችው። «ብትነግረኝ ኖሮ!» አለችው። «ልጅሽን ሊበላው ነው ብለህ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ጭዱን ሁሉ ገደል እከተው ነበር!»

የጃርት እሾህ ተኝቶ ነበር። «ብነግርሽ ጅብ በዚያው ቀን ይሰማ ነበር። ያልገጠሙት ቤቶች ሁሉ...»

«ሳትነግረኝስ? ጅብ አልሰማም?»

ጃርት መሬት መሬቱን አየ። «የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው» አለ። «ቦዩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ስሠራው አላየሁትም። ሽብልቋን ግን ይዤልሽ ደጅሽ ቆሜያለሁ፣ አህዪት። አራት ቀን ቆሜያለሁ።»

ፍየልና በግ ይህን እየሰሙ ቀስ ብለው ወደየቤታቸው አፈገፈጉ፤ እየሄዱም ስለ ቡላ ለጋነት እንጂ ስለየራሳቸው በር አላወሩም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አህዪት ጃርትን አስጠራችው።

«ግጠምልኝ» አለችው።

ለማን ብሎ ሊጠይቃት ቃጣው፤ ተወው። በሩን ከነማጠፊያው ነቀሉት። እሷ ከሥር ገብታ በጀርባዋ ደገፈችው። እሱ ሽብልቋን ቦዩ መጨረሻ ላይ አስቀመጣትና በድንጋይ መታት። ሦስት ጊዜ መታት። ከዚያ በሩን ከፍ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። አህዪት ገና የሚቀር መስሏት ጀርባዋን እንዳጎበጠች ቆማ ቀረች።

«ቀና በይ» አላት ጃርት። «አልቋል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አህዪት መሬት ላይ የወደቀውን የራሷን ጥላ አየች። ሥራው ሲጀመር ከነበረበት እምብዛም ፈቅ አላለም፤ ሥራው የፈጀው ጊዜ አንድ ጭነት ጭድ አራግፎ ለመመለስ እንኳ አይበቃም ነበር። ወደ ቤቷ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቤታችን በርም ሆነ ለስልካችንና ለኮምፒውተራችን የተላከልንን መጠገኛ ተቀብለን ሳንገጥመው ከዋልን፣ መጠገኛው ራሱ ቀዳዳችን የት እንዳለ ለጠላት የሚጠቁም ጣት እንደሚሆን ነው።