በየኔታ ዳዊት ላይ የቀረችው መሥመር

በአንድ ወቅት ከዓባይ ማዶ፣ በአንድ የደጋ ደብር፣ የኔታ ይትባረክ የሚባሉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ ብራናውን በወስፌ አስምረው፣ በመቃ ብዕር ይጽፋሉ። ፊደላቸው ደልደል ያለ ስለነበር ዓይኑ የደከመ ቄስ እንኳ ያለ መነጽር ያነበዋል።

ከመምህራቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። መጽሐፉ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ከአስጻፊውና ከራሳቸው ስም በታች የአንድ ሰው ስም ይጨምራሉ፤ ያ መጽሐፍ እንዲያልቅ ከሁሉ ይልቅ የረዳቸውን ሰው። ያ ስም ደብሩ እስካለ ድረስ በጸሎት ይነሣል። «ሁለት ቢሆንስ?» ሲሏቸው «መጽሐፍ የዕድር መዝገብ አይደለም» ይላሉ። እናንተም በኋላ ሁለት ሦስት እያላችሁ እንዳታስቸግሩኝ ከወዲሁ ሰምታችኋል።

የኔታ በስተርጅና «ይህ የመጨረሻዬ ነው» ብለው አንድ ዳዊት ጀመሩ። ሚስታቸው ሞተው ከልጃቸው ከአንዳርጌና ከምራታቸው ከማንጠግቦሽ ጋር ይኖሩ ነበር። ታዲያ እኚህ ሰው ማንም የማያውቀው ችግር ነበረባቸው። ሆዳቸው ደረቅ ነው። አራት ቀን፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ሙሉ አይወጡም። «ተቀምጬ ስለምውል ነው፣ ጾሙም አለ» እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። ኮሶ ይጠጣሉ፤ ኮሶው አንድ ቀን ሲያስሮጣቸው ይውልና በማግስቱ ያው ነው።

ይህን የምታውቀው ኮሶውን የምትወቅጠው ማንጠግቦሽ ብቻ ነበረች። ዳዊቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት፣ አንድ ቀን ከጓሮ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ልጄ፣ ይህን ለሰው እንዳትነግሪ። ለባልሽም ቢሆን። ቃልሽን ስጪኝ» አሏት።

«ከእኔ አይወጣም፣ አባባ» አለች።

አልወጣምም። በዚያ አገር ምራት በአማቷ ፊት እህል ስታላምጥ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። የአማት የሆድ ነገርማ እንዴት ተደርጎ ይወራል? ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ዓይን ያለው ሰው ግን አጠገባቸው ነበር። ዲያቆን ስሜነህ ይባላል፤ ከየኔታ እግር ሥር ሰባት ዓመት የተማረ፣ ተመርቆ ጸሐፊ ለመባል ሁለት ወር የቀረው ሰው ነው። ዳዊቱ ከግማሽ ሲያልፍ የመጀመሪያውን ጥራዝና ስምንተኛውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በመጀመሪያው አንድ መሥመር አምስት ቃል ይይዛል፤ በስምንተኛው ስምንት። ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ የየኔታ ቀኝ አውራ ጣት ከእጀ ጠባባቸው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት አድሮ ጠዋት ተናገረ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፊደልዎ እያነሰ ነው።»

«ያነሰው ዓይንህ ነው! ውጣልኝ ከዚህ!»

ወጣ። ምርቃቱም ቀረበት። ግን ወደ አገሩ አልሄደም፤ ሁለቱን ጥራዞች በሻሽ ጠቅልሎ አንዳርጌ ወዳለበት እርሻ ወረደና ዘርግቶ አሳየው። «አባትህ ታመዋል» አለው።

አንዳርጌ ማንበብ አይችልም። ግን ትልቅና ትንሽ መለየት ማን ያቅተዋል? ጤፉ ደርሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ወቅት ነበር። ማጭዱን እዚያው ጥሎ በቅሎ ጫነ።

«ጠበል ይበቃኛል» አሉ አባትየው።

«ጠበሉም አለ፣ ሐኪሙም አለ። ይውጡ በቅሎዋ ላይ፣ አባ።»

ቁልቁለቱን ከኋላ ደግፎ፣ ሽቅቡን ከፊት ስቦ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ አውቶቡስ መንገድ ደረሰ፤ ከዚያም ከተማ ሆስፒታል አገባቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። እጃቸውን አየች፣ አስነሥታ አስኬደቻቸው፣ አጻፈቻቸው። «ፓርኪንሰን ይባላል። መድኃኒቱ ጨርሶ አያድንም፤ እጅዎን ግን ያላላልዎታል» ብላ ክኒን ሰጠቻቸው። አንዳርጌ ሲመለስ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ጤፉን አርግፎት ጠበቀው። ያን ዓመት ቤተሰቡ የኖረው በዘመድ እህል ነው።

ያም ሆኖ ክኒኑ ምንም አልሠራ አለ። ወር ሙሉ ዋጡት፤ ጣታቸው ያው፣ ፊደላቸው ያው። የኔታ ብዕራቸውን ጠቅልለው ከሙዳዩ ከተቱ። ዳዊቱ እንዲሁ ሳያልቅ ሊቀር ነው ብለው በሰው ፊት አለቀሱ።

በቀጠሯቸው ቀን ስንቅ ይዛ ማንጠግቦሽም አብራ ሄደች። ሐኪሟ ግራ ገብቷት «ሌላ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ? ሆድዎስ?» ብላ ጠየቀች።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ የኔታ።

ማንጠግቦሽ ባሏን አየች። አማቷን አየች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ደኅና አይደሉም። ሆዳቸው ከደረቀ ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው።» ቀኑንም፣ ኮሶውንም፣ ላቡንም፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች።

የኔታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አንዳርጌ «አንቺ!» አላት። ሐኪሟ ግን ወንበሯን ሳበች።

«ይህ መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው አንጀት ሲቀበለው ነው» አለች። «ሆድ ካዘገመ ክኒኑም መንገድ ላይ ይቀራል። ሌላም አለ። በአንዳንድ ሰው ይህ በሽታ እጅ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት ከሆድ ይጀምር ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ገና አልተረጋገጠም፤ ሆዱ የደረቀ ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። ብቻ ይህን በመጀመሪያው ቀን ብሰማ ኖሮ ወሩ በከንቱ ባላለፈ ነበር።»

ለሆዳቸው መድኃኒት ጨመረችላቸው። ውኃ አብዝተው እንዲጠጡ፣ ጠዋት ማታ እንዲራመዱ፣ ክኒኑንም ከምግብ በፊት እንዲውጡ አዘዘች። ማንጠግቦሽ ሆድ የሚያለሰልስ ተልባ ታዘጋጃለች፣ ውኃውን እየለካች ታቀርባለች፤ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ይቀበሏታል። ባሏ ሁለት ሳምንት አላናገራትም። ነገሩን ከአንዳርጌ የሰማችው የገዛ እናቷ «አዋረድሽን» ብላ ቤቷ መምጣት ተወች።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት የየኔታ ጣት ዝም አለ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ ሳሙት። ከእያንዳንዱ ክኒን በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይታዘዝላቸዋል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ስሜነህን አስጠርተው ይቅርታ ጠየቁት፣ መረቁትም። በዚያች ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እየጻፉ ዳዊቱን ጨረሱ። የአስጻፊውን ስም ጻፉ። የራሳቸውን ጻፉ። አንዲት መሥመር ቀረች።

ሦስቱንም ጠሩና «የማንን ልጻፍ?» አሉ።

ስሜነህ አልተግደረደረም። «እውነቱን ልናገር፣ የኔታ። ስሜ እዚያ ቢገባ እወዳለሁ። እኔ ባላይ ማን ያይልዎ ነበር? ሳይም ሰባት ዓመት የደከምኩበትን ምርቃት አጥቼበት ነበር።» እውነቱን ነው። ይህን ታሪክ ከሚሰሙት አንዳንዱ ግን ይላል፦ ማየት ብቻውን በሽተኛ ሐኪም ቤት አያደርስም።

አንዳርጌ መሬት መሬት እያየ «እኔ አባቴን ነው ያሳከምኩት፤ ለዚህ ስም አይጻፍልኝም» አለ። ልጆቹ ያን ዓመት በሰው እህል መክረማቸውን አላነሣም። አንዳንዱ ግን ይላል፦ ደክሞ ያመጣው መድኃኒት ያለ ሚስቱ ምላስ ምን ሠራ?

ማንጠግቦሽ ደግሞ እጅ ነሣች። «የእኔን አይጻፉ፣ አባባ። ምራት በዳዊት ላይ ምን አደረገች ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የጠየቀ ሁሉ የእርስዎን የሆድ ነገር ይሰማል። ስሜ በተጠራ ቁጥር እርስዎ ሲያፍሩ ሊኖሩ ነው።» አንዳንዱ፦ ቃሏን ባታፈርስ እጃቸው አይፈታም ነበር ይላል። ሌላው፦ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባትደብቅስ ይላል። ደብቂ ያላት ማን ሆነና!

የኔታ ሦስቱንም ትክ ብለው አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ስም ለጸሎት ሲያስተላልፉ ኖረው፣ በመጨረሻዋ መሥመር ሰው እንዳይበድሉ ፈሩ። ብዕሩን ቀለም አስነኩት። ከክኒኑ ወዲህ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል፣ አውራ ጣታቸውም ዳር ዳር ማለት ጀምሯል።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፋላችሁ?