ጥጥ የሞላው ቦርጭ

ዳምጤ በጎረምሳነቱ ፍራሽ ቤት አብሮት ይሠራ የነበረውን ቀልደኛ ባሰበው ቁጥር ብቻውን ይስቃል። ሰውየው አንድ ቀን ሸሚዙ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ፣ ቦርጩን አስቀድሞ፣ እንደ ሥራ አስኪያጁ እየተንጎራደደ ሠራተኛውን በሳቅ ሲያንከተክት፣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ከች አሉ።

«ይህ ቦርጫም እኔ ነኝ?» አሉ። «እኔ ከሆንኩ ዛሬውኑ ተባረሃል። እኔ ካልሆንኩ ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው በምን እንደሳቀ ንገረኝ፤ መልስ ካጣህም ትባረራለህ።»

ዳምጤ ለጓደኛው እንጀራ ፈራ። ቀልደኛው ግን ቦርጩን በሁለት እጁ ደገፍ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ የሳቁትማ እርስዎን አለመሆኔን ስላወቁ ነው። እርስዎን ብሆን ኖሮ ማን ደፍሮ ይስቅ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ማንንም ሳያባርሩ፣ «በሉ፣ ወደ ሥራ» ብለው ወጡ።