የአዋላጇ የቴክላ ሬሳ

በአንድ ወቅት፣ ብዙ ሕዝቦች ለአንድ ንጉሠ ነገሥት በሚገብሩበት ዘመን፣ በቦሄሚያ አገር ሁለት ስም ያላት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ጀርመኖቹ ሊንደንባህ፣ ቼኮቹ ሊፖቫ ይሏታል። መጠጥ ቤታቸውና ትምህርት ቤታቸው ለየብቻ ነበር። አልበቃ ብሏቸው መካነ መቃብሩንም መሀል ለመሀል በግንብ ከፈሉት፤ አጥንት ከአጥንት ይጣላ ይመስል።

ከከተማዋ ቄስ በቀር የጋራ የነበረቻቸው አዋላጇ ቴክላ ብቻ ናት። አባቷ ጀርመን፣ እናቷ ቼክ። አርባ ዓመት የሁለቱንም ወገን ልጆች በእጇ ተቀብላለች። ምጥ የያዛትን ሴት ወገንሽ ከየት ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ቴክላ በሐምሌ ሞተች፤ በዚያ አገር ሐምሌ ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ነው። ቄሱም፣ «በግንቡ በየትኛው ወገን እንደምትቀበር ተስማሙና ጥሩኝ» ብሎ በሩን ዘጋ።

የጀርመኖቹ ማኅበር መሪ፣ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቱ ሪትሽል ቀደመ። ቴክላ ቤቷ በተቃጠለ ጊዜ መጠለያ የሰጣት እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ያለ ኪራይ ኖራበታለች። ሬሳዋን ወደ ማኅበሩ አዳራሽ አስወስዶ ባንዲራ አለበሰና ንግግር አደረገ። ንግግሩ ስለ እሷ ሁለት ቃል፣ የቀረው ሁሉ የቼኮች ስድብ ነበር።

መምህሩ ቦሁሚል የእህቷ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞትበት ያሳደገችው ቴክላ ናት። ነገር ግን «የጀርመን ቤት አልረግጥም» ብሎ አምስት ዓመት ሙሉ ደጇን አላየም። በማግስቱ ማለዳ ጎረምሶች አስከትሎ የአዳራሹን በር ሰበረና የሬሳ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ። አደባባዩ ላይ የሪትሽል ሰዎች ደረሱባቸው። አንዱ ሲስብ ሌላው ሲጎትት ሳጥኑ ወድቆ ተከፈተ፤ አሮጊቷ ድንጋዩ ላይ ተዘረረች። አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ቀሚሷን አልሸፈነላትም። ዝንብ ሲወርራት እነሱ በላይዋ ይቧቀሱ ነበር፤ አብዛኞቹ ሲወለዱ እሷው በእጇ የተቀበለቻቸው ናቸው።

ልብስ አጣቢዋ አኔሽካ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ቴክላ ሽባ ሆና በተኛችበት ሁለት ዓመት አገላብጣ ያጠበቻት፣ በማንኪያ ያጎረሰቻት እሷ ናት። አፍንጫቸውን በመሐረብ የያዙትን ሰዎች አየቻቸው።

«ይሸታል አይደል?» አለች። «እሷ እንዳትመስላችሁ።»

እነሱ ሲደባደቡ፣ ሬሳዋን በልብስ ጋሪዋ ጭና ወሰደችና ቴክላ ትኖርበት በነበረው ቤት ጓሮ ቀበረቻት። ያለ ቄስ፣ ያለ ጸሎት። ቴክላ ግን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበረች፤ «አደራሽን አኔሽካ፣ እንደ ውሻ ያለ ፍትሐት እንዳታስቀብሪኝ» እያለች እጇን ይዛ አስምላት ነበር።

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ።

ሪትሽል፣ «አባቷ ወገናችን ነው። የተቀበረችውም በእኔ መሬት ነው» አለ።

ቦሁሚል፣ «ሥጋዋ እኔ ነኝ» አለ። «ክቡር ዳኛ፣ በሕይወቷ ሳለች አልጠየቅኋትም። አሁን እንኳ ልቅበራት።»

ሁለቱም ፍትሐት ሊያስደርጉላት ማሉ፤ እያንዳንዱ በገዛ ወገኑ፣ በገዛ ባንዲራው።

አኔሽካ፣ «መሐላዬን በልቻለሁ፤ አልክድም» አለች። «ቄሱን ሁለት ጊዜ ለመንኩት፣ አልመጣም። እነዚህ እጅ ከምትገባ ግን ያለ ጸሎት ትረፍ ብዬ ነው። አታውጧት።»

ዳኛው ሦስቱንም አያቸው፤ የተናገረው ግን አልተሰማም፤ ውጭ የቆሙት ሁለቱ ወገኖች እንደገና ድንጋይ መወራወር ጀምረው ነበር።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ሬሳዋ ለማን ይገባል? ቤት ለሰጣት፣ ለሥጋ ዘመዷ፣ ወይስ አስታምማት አደራዋን ለበላችው?