ስንሻው ያፈረባት ብስክሌት

አንድ ጉልበቱ የተጎዳ ብስክሌተኛ ነበር፤ ስንሻው ይባላል። ጉልበቱን ያጣው ከወንድም አብልጦ ከሚወደው ከደመላሽ ጋር ለውድድር ሲለማመዱ የጭነት መኪና የገጫቸው ቀን ነው። ደመላሽ እዚያው ሞተ። ስንሻው ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ ጉልበቱ ግን ሸክም አልችል አለ።

በቀብሩ ዕለት የሟች እናት እማማ የሺመቤት በሰው ተደግፎ የመጣውን ስንሻውን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። «ለፋሲካ ከስንሻው ጋር በብስክሌት እንመጣለን ብሎኝ ነበር። እሱስ ቀረ። አንተ እንኳ ለሙት ዓመቱ በብስክሌት ና፤ ልጄ የመጣ ይመስለኛል» አሉት። ስንሻውም እንደሚመጣ ማለላቸው።

ዓመቱ በሐኪም ቤትና በአልጋ አለፈ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ስንሻው ወደ ጋሽ ውብሸት ሄደ፤ ብስክሌት ሲጠግኑና ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ጉልበቱን ዳሰሱ፣ አስቀምጠው አስነሱት። ከዚያ መሐሏ ላይ ብረት የሌላት፣ መቀመጫዋ ሰፊ፣ ማርሿ ቀላል የሆነች ብስክሌት እየገፉ አመጡለት።

«ይቺ ትሁንህ። እግርህን ሰቅለህ አትሻገርም። ዳገቱን ማርሽ እያቀለልክ ቀስ ብለህ ትወጣዋለህ። እስከ እማማ የሺመቤት ቤት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ብትዘገይም ትደርሳለህ።»

ስንሻው ደሙ ፈላ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የሴት ብስክሌት ናት!»

«ጉልበትህ የሴት የወንድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሕመሙን ነው።»

«አገር ምድሩ ያውቀኛል። በዚች ስሄድ መንገደኛው ሁሉ ሲስቅብኝ አይታይዎትም?» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውድድር ብስክሌት አወረደ።

«እሱ የዛሬ ዓመት ለነበረው ስንሻው ነው የሚሆነው» አሉ ጋሽ ውብሸት። ማን ይስማቸው!

በሙት ዓመቱ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ከከተማው ሲወጣ ሰው አጨበጨበለት። «ስንሻው ተመለሰ!» ሲሉ ሰምቶ ደስታው ወሰን አጣ፤ ጉልበቱ መጠዝጠዝ ሲጀምር እንኳ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሰባ ኪሎ ሜትር ላይ ዳገቱ ገጠመው። ማርሹ ከባድ ነው። ከመቀመጫው ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱ ቀጭ አለ። መንገድ ዳር ወደቀ። ለመቆም ሞከረ፣ አልቻለም። አሸዋ የጫነ አይሱዙ እስኪያነሳው ድረስ ፀሐይ ላይ ዋለ።

ሲደርስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። እማማ የሺመቤት አጥሩ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ስንሻው በሰው ተደግፎ እግራቸው ሥር ወደቀና ምንም ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራቸው። እጃቸው ፊቱን ፍለጋ አየር ሲዳብስ ነው እንደማያዩ የገባው።

«ልጄ፣ በልቅሶ ዓይኔ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው» አሉት። «የሴት ትሁን የወንድ እኔ የት አይቼው? የብስክሌቱን ድምፅ ስጠብቅ ነው የዋልኩት።»

 የስንሻው ጉልበት ዳግመኛ አልታጠፈም፤ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። እማማ የሺመቤትም ሁለተኛውን ሙት ዓመት ሳያዩ አረፉ።

ወዳጆቼ፣ ሊስቅብን ይችላል ብለን የምንፈራው መንገደኛ ለአንድ አፍታ አይቶን ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሕመሙን ይዘን የምንቀረው እኛው ነን፤ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀንም የሚወደን ሰው ነው። የዛሬ አቅማችንን አምነን ብንነሳ፣ ቀስ ብለንም ቢሆን በደረስን ነበር። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የማታውቁት ሰው እንዳይስቅባችሁ ብላችሁ በር ላይ ያስቀራችሁት ማንን ነው?