የግንበኛው የአዛናው ስም

ተረት ተረት!
የመሠረት!
እሰይ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ ወገቤን አሞኛልና ጮክ ብዬ አልናገርም።

በድሮ ዘመን፣ በሁለት ወንዞች መካከል አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። የአገሪቱ ንጉሥ፣ አለቃ ዘወልድ የሚባሉ ሽማግሌ ጸሐፊ ነበሯቸው። አለቃ ዘወልድ አርባ ዓመት ሙሉ ንጉሡ ያሉትን ሲጽፉ ኖሩና ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ጣታቸውም ጎበጠ።

አንድ ቀን ንጉሡ አስጠሯቸውና እንዲህ አሏቸው፦
«አለቃ፣ የአገሬን ታሪክ ጻፍልኝ። ቤተ መንግሥቱን፣ የፍርድ አደባባዩን፣ ትልቁን ድልድይ፣ ሁሉንም ማን እንደ ሠራው ጻፍ።»
አለቃም፦ «እሺ ጃንሆይ። ማን ሠራው ልበል?»
ንጉሡም፦ «ምን ትጠይቀኛለህ? አባቶቼ ናቸዋ!»

አለቃ እጅ ነሡና ወጡ። ቤተ መንግሥቱን ዞረው አዩና «የንጉሡ አባቶች ሠሩት» ብለው ጻፉ። ከዚያም የፍርድ አደባባዩን አዩና እንደዚያው ጻፉ። እውነት ይሁን ውሸት አልጠየቁም። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ቶሎ ጨርሰው ቤታቸው መግባት ነበር የፈለጉት።

ከዚያም በበቅሎ ሦስት ቀን ተጉዘው ድልድዩ ዘንድ ደረሱ። እዚያ አንዲት አሮጊት፣ ትርንጎ የሚባሉ፣ ከድንጋዮቹ መሐል የበቀለ ሣር ሲነቅሉ አገኟቸው።

አለቃም፦ «እሜቴ፣ ሣሩን ለምን ይነቅሉታል?»
ትርንጎም፦ «ሥሩ ድንጋዩን ያላቅቀዋላ፣ አባቴ። የባሌ ሥራ ነው።»
«ባልዎ ማን ናቸው?»
«አዛናው ይባላል። ግንበኛ ነበር። ሦስት በጋ ሙሉ የዚህ መንደር ሰው ድንጋይ አመላለሰ፤ እሱ ገነባ። የመጨረሻዋን ድንጋይ ሲያስገባ ዝናቡ ሳይታሰብ መጣና ጎርፍ ወሰደው። ሬሳውም አልተገኘ።»
«ንጉሡስ መጥተው አላዩም?»
«አንዴ መጡ። ተሻገሩና ሄዱ።»

አለቃ የድልድዩን ድንጋይ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያም፦ «እኔ የንጉሡ ጸሐፊ ነኝ፤ ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?» አሉ።
«ምንም አልፈልግ። መቃብር የለውምና፣ ስሙ አንድ ቦታ ቢጠራልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

አለቃ ተመለሱ። መኳንንቱ ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰቡና ታሪኩ ይነበብ ተባለ። አለቃ አነበቡ፣ አነበቡ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፦ «ይህን የሠሩት ግንበኛው አዛናውና የመንደሩ ሰዎች ናቸው። አዛናውም በዚያው ሞተ» አሉ።



ንጉሡም፦ «ዓይንህ ደክሟል መሰለኝ። እንደገና አንብበው።»
አለቃ እንደገና አነበቡ። ያው ነው።
«ፋቀው!»
«ጃንሆይ፣ እጄ ዝሏል። አርባ ዓመት ያሉኝን ሁሉ ጽፌያለሁ። ይቺን መፋቅ ግን አቃተኝ። እጁ የጠና ሰው ይፋቃት።»

ደፋር ሆነው እንዳይመስላችሁ ልጆቼ። ውሸቱን መሸከም ሰልችቷቸው ነው።

ሌላ ጸሐፊ ተጠራና ብራናውን በቢላዋ ፋቀው። የአለቃ መሬት ተነጠቀ። ቤታቸው ለሌላ ተሰጠ። በቅሏቸውም ቀረች። የሚሄዱበት አልነበራቸውምና በበትር እየተደገፉ፣ እያረፉ፣ በስምንተኛው ቀን ድልድዩ ዘንድ ደረሱ።

ትርንጎ ከሩቅ አይተዋቸው ሊቀበሏቸው ሮጡ።
«ተጻፈ እንዴ፣ አባቴ?»
«ተጽፎ ነበር። ፋቁት።»
ትርንጎም፦ «ጮክ ብለው አንብበውት ነበር?» አሉ።
«ሁለት ጊዜ።»
«ሰው ሰማ?»
«አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰማ።»

ትርንጎ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያም ተነሡና የአለቃን በትር ተቀበሉ።
«በሉ ይግቡ። እግርዎ ቆስሏል፤ ውሃ ላሙቅልዎ።»

አለቃም ገቡ። እግራቸው ታጥቦ ሳያልቅ ግድግዳውን ተደገፉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትርንጎም ጋቢ ደረቡላቸውና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ የእኔም ጉሮሮ ደረቀ። ዳቦ ያላችሁ ቁረሱልኝ፤ የሌላችሁ ውሃ አጠጡኝ።