የብርቄ ጠርሙስና አልዘጋ ያለው ሻንጣ

ጆሯችሁን ከፈት አድርጉልኝ፤ የማወራላችሁ አልዘጋ ስላለ ሻንጣ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ወደብ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ደብሪቱ የምትባል የጂኦግራፊ መምህርት ትኖር ነበር። ብርቄ የምትባል ታናሽ እህቷ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ፣ ጎርጎራ ትኖራለች። ደብሪቱ የሐይቁን ስፋትና ጥልቀት በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ታስተምራለች፤ ማዶውን ግን እህቷ እዚያ ካገባች ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው። በክረምት ጀልባዋ ወደ ጎርጎራ የምትሄደው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ላይ ደግሞ ይዘንባል፣ ይነፍሳል፣ ይበርዳል። ስለዚህ ደብሪቱ ለብርዱ ሻንጣ ታዘጋጃለች። በየክረምቱ ታዘጋጃለች፤ በየክረምቱም ሻንጣው አልዘጋ ሲላት ጀልባዋ ጥላት ትሄዳለች።

ብርቄ ግን ወደብ ወጥታ ትጠብቃታለች። ዘንድሮ ታዲያ እንዲህ ብላ ላከችባት፦ «እታለም፣ የሰው መሳቂያ ሆንኩልሽ። ጀልባዋ በመጣች ቁጥር ‹ዛሬም ቀረች?› ይሉኛል። በዚህ እሑድም ከቀረሽ ከእንግዲህ ወደብ ላይ አታገኚኝም።»

ደብሪቱ ደነገጠች። ብርቄ መዛት የምታውቅ ልጅ አልነበረችም።

«ቀለል አድርገሽ ያዢ» አላት ባሏ ሽባባው። ሽባባው ጡረታ እስኪወጣ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ንግግሩም እንደ ቅየሳው ቁጥብ ነው።

«ቀላል ቀላሉን ብቻ ነው የያዝኩት» አለች። እውነቷን ነው። አንድ በአንድ ቢመዘኑ ሁሉም ቀላል ነበሩ።

እሑድ ጠዋት ደብሪቱ ሻንጣው ላይ በጉልበቷ ተደግፋለች፤ የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው፦ ዚፑ እንዲዘጋ።

«ዚፕ፣ ዚፕ፣ እባክህ ተዘጋ። አንተ ካልተዘጋህ ብርቄን አላያትም።»

«አልዘጋም» አለ ዚፑ፣ መንገድ አጋምሶ ቆሞ። «ጃንጥላሽ እጀታውን በጥርሶቼ መሀል አውጥቶታል። አንቺስ ዱላ ነክሰሽ አፍሽን መግጠም ትችያለሽ?»

አትችልም። ስለዚህ ወደ ጃንጥላው ዞረች።

«ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ እባክህ ውጣ። ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልወጣም» አለ ጃንጥላው። «መውጣቱንማ ማን ጠልቶ! ቦቲ ጫማሽ ደረቴ ላይ ተኝቷል እኮ። እሱ ሳይነሳ የት ልሂድልሽ?»

«ቦቲ፣ ቦቲ፣ እባክህ ተነስ። ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልነሳም» አለ ቦቲው። የጎማ ስለሆነ ቃላቱን ይለጥጣቸዋል። «የጋቢሽን አንዱን ጫፍ ቀኝ እግሬ ውስጥ፣ ሌላውን ጫፍ ግራ እግሬ ውስጥ ጠቅጥቀሽ፣ አሁን ደግሞ ተነስ ትይኛለሽ? ታስሬ ነው ያለሁት። ጋቢው ይልቀቀኝና እነሳለሁ።»

ጠቅጥቃለች፤ አልካደችም። ቦታ ለመቆጠብ ብላ ነው። ሽባባው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በዚህ ቤት ከቁጠባ የበለጠ ቦታ የሚፈጅ ነገር እንደሌለ እያሰበ ነበር።

«ጋቢ፣ ጋቢ፣ እባክህ ልቀቅ። ቦቲው አልነሳም አለ፤ ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልለቅም» አለ ጋቢው። ለስላሳ ነው፤ እምቢታውም ለስላሳ ነበር። «ልጄ፣ ጠርሙሱን አቅፌዋለሁ እኮ። ከለቀቅኩት ተንከባሎ ይሰበራል፤ ማሩም ፈስሶ ሁላችንም እንደተጣበቅን እንቀራለን። ጠርሙሱ ቤት ይቅር፤ ያኔ እለቃለሁ።»

የጠርሙሱን ነገር ልንገራችሁ። ወፍራም ነው፤ ክዳኑ ቀይ ነው፤ የብርቄም ነው። ብርቄ ከዓመታት በፊት አዋዜ ሞልታ በሰው እጅ ልካው ነበር። አዋዜው ወዲያው አለቀ፤ ጠርሙሱ ቀረ። ደብሪቱ አጥባ፣ አድርቃ፣ ማር ሞላችበት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መጀመሪያ ሻንጣው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ ጀልባዋ ከሄደች በኋላም መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው።

«ጠርሙስ፣ ጠርሙስ፣ እባክህ ቤት ቅር። ጋቢው አልለቅም አለ፤ ቦቲው አልነሳም አለ፤ ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልቀርም!» አለ ጠርሙሱ። «የማን ዕቃ ነኝ?»

«የብርቄ።»

«ምን ይዤ መጣሁ?»

«አዋዜ።»

«ታዲያስ! የሰው ዕቃ ተወስዶ ይቀራል? ባዶውንስ ይመለሳል? እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?»

እናቷ ስትነሳባት ደብሪቱ አቀረቀረች። እናታቸው የጎረቤት ስኒ ስትመልስ እንኳ ቆሎም ቢሆን ሳታደርግበት አትልክም ነበር። ጠርሙሱ የአዋዜ ዕቃ ሆኖ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቀ አይገባኝም፤ ግን አውቋል።

ደብሪቱ እጇ እምቢ ስላላት ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ እባክህ ይህን ጠርሙስ አውጣልኝ። እሱ አልቀርም አለ፤ ጋቢው አልለቅም አለ፤ ቦቲው አልነሳም አለ፤ ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልነካም» አለ ሽባባው። «ነገ ብርቄ ‹ዕቃዬን ያስቀረብኝ እሱ ነው› ብትልስ? ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ድንበር መሀል ቆሜያለሁ፤ በሁለት እህትማማቾች መሀል ግን አልቆምም። ይልቅ ይርሳውን እንጠይቀው። ጠርሙሱን በእጅሽ ያዢው ካለ ነገሩ አለቀ።»

ይርሳው የጀልባዋ ነጂ ነው። እናም ባልና ሚስት ሻንጣውን እንደተከፈተ ግራና ቀኝ ይዘው ወደብ ወረዱ። ዝናብ ያካፋል። ጃንጥላ አላቸው፤ ሻንጣው ውስጥ ነው፤ አልወጣም ብሏል።

ጀልባዋ ሞተሯ ተነስቷል፤ ተሳፋሪው ቦታ ቦታውን ይዟል። ደብሪቱ ከታች ሆና ጮኸች።

«ይርሳው፣ ወንድሜ፣ እባክህ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ልሳፈር። ሽባባው አልነካም አለ፤ ጠርሙሱ አልቀርም አለ፤ ጋቢው አልለቅም አለ፤ ቦቲው አልነሳም አለ፤ ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም ብርቄን አላያትም።»

«አልጭንም» አለ ይርሳው። «እትዬ ደብሪቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያልተዘጋ ሻንጣ አልጭንም። አምና የአንዱ ሻንጣ ተገልብጦ፣ ሰዉ ሁሉ ድንች ለቀማ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ፣ ጀልባዋም አብራ ልትሄድ ነበር። በእጅ ይዘውም አይሆንም። መሳፈሪያው ሳንቃ ረጥቧል፤ በክረምት ሁለት እጁን ሳይዘረጋ ማንም አይወጣበትም። ባዶ እጅዎን ይምጡ።»

«ባዶ እጄን?» ደብሪቱ ዝናቡን ረሳችው። «ስንት ዓመት ቆይቼ፣ እህቴ ቤት ባዶ እጄን ልግባ?»

«እኔ የማወራው ስለ ሳንቃው ነው፤ የቤቱን ከእህትዎ ጋር ይነጋገሩ።»

«ቤቱንም ጠቅልለው ቢያመጡት ይሻል ነበር!» አለ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ።

«ቤቱማ ዚፕ የለውም» አለች ሌላዋ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይርሳው ገመዱን መፍታት ጀመረ። ደብሪቱ ገመዱን አየች፤ ማዶ ወደቡ ላይ ብቻዋን የምትቆመው እህቷ ታየቻት። ከዛሬ በኋላ እዚያም አትቆምም።

ያኔ የይርሳው ስልክ ጮኸ። ብርቄ ናት። እሑድ በመጣ ቁጥር ጀልባዋ ሳትነሳ ትደውላለች።

«ይርሳው፣ ዛሬስ ተሳፈረች?»

ይርሳው ገመዱን በአንድ እጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ለደብሪቱ አቀበላት።

«ብርቄ» አለች ደብሪቱ። «ይርሳው አልጭንም አለ፤ ሽባባው አልነካም አለ፤ ጠርሙሱ አልቀርም አለ፤ ጋቢው አልለቅም አለ፤ ቦቲው አልነሳም አለ፤ ጃንጥላው አልወጣም አለ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ እኔም... አላይሽም።»

ብርቄ ከዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ ነጥላ ጠየቀች።

«የትኛው ጠርሙስ?»

«ያንቺው ነዋ። ባለ ቀይ ክዳኑ። ማር ሞልቼበታለሁ፤ ባዶውን አልመልስም ብዬ።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ሐይቁን ተሻግሮ መጣ።

«እታለም! ባሕር ዳር ላይ አዋዜ ጠፍቶ ነው የላክሁልሽ? የሰው ዕቃ ቤትሽ ካደረ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ። ጠርሙሱን የላክሁት፣ ልመልስ ብለሽ እንድትመጪልኝ ነው። ለካስ ያስቀረሽ እሱ ነው!»

ደብሪቱ ሻንጣውን አየች። ጠርሙሱ ጋቢው ውስጥ ይበልጥ ተሸጎጠ።

«እና ምን ላድርገው?»

«እዚያው ይቀመጥ። በጋ ሲሆን እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ። አንቺ ባዶ እጅሽን ነይ።»

«እናታችን ብትሰማሽ...»

«እናታችን ዕቃ ባዶውን አይመለስ አለች እንጂ፣ እህት ባዶ እጇን አትምጣ መቼ አለች?»

ደብሪቱ ስህተቷ እንደታረመላት ተማሪ ራሷን ነቀነቀች። ተማሪዎቿ ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።

ብርቄ ባዶ እጅሽን ነይ ስትል፣ ይርሳው «ቶሎ ከሆነ እጭናለሁ» ብሎ ስልኩን ተቀበለና ገመዱን መልሶ ጠመጠመ። ይርሳው እጭናለሁ ሲል፣ ሽባባው «የዕቃው ባለቤት ከፈቀደችማ» ብሎ እጁን ሰደደ። ሽባባው እጁን ሲሰድ፣ ጠርሙሱ «እንዲህ ከሆነስ እቀራለሁ» ብሎ ወጣ። ጠርሙሱ ሲወጣ፣ ጋቢው ለቀቀና ደብሪቱ ትከሻ ላይ ተዘረጋ፤ ቀድሞም የተሸመነው ለዚያ ነበር። ጋቢው ሲለቅ፣ ቦቲው ተነሳና ደብሪቱ እግር ላይ ገባ፤ እሱም የተሠራው ለዚያ ነበር። ቦቲው ሲነሳ፣ ጃንጥላው ወጣና ከሽባባውና ከጠርሙሱ በላይ ተዘረጋ። ጃንጥላው ሲወጣ፣ ዚፑ ጥርሱን ከጥርሱ ገጥሞ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ አንዳች ክርክር ተዘጋ።

ውስጡ የቀረው ቅያሪ ቀሚስ፣ ፎጣና ደብሪቱ ያወለቀችው ጫማ ነበር። ይርሳው ሻንጣውን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ አስገባው።

ደብሪቱ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሚዛኗን እየጠበቀች፣ በረጠበው ሳንቃ ወጣች። ዘወር ብላ ባሏን ልትሰናበት ስትል እጇ ባዶ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አውለበለበችለት።

ሐይቁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምትስለው በጣም ይሰፋ ነበር። ጉም ደሴቶቹን አንድ በአንድ ያሳያትና መልሶ ይሸፍናቸዋል። የደንገል ታንኳ ላይ የቆመ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ በዚህ ብርድ ማን ይጓዛል በሚል ዓይን አያት። ነፋሱ ጋቢዋን ሊያወልቃት ሞከረ፤ ጋቢው ግን በዚህ ጊዜ አልለቅም ያለው በትክክለኛው ቦታ ነበር።

ጎርጎራ ስትደርስ ብርቄ ወደቡ ላይ ቆማለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መቆሟ ግን የልጅነቱ ነው።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ባዶ እጄን።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ደብሪቱ እጆቿን ዘረጋች። ብርቄ አገላብጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱንም ያዘቻቸው። ቤት እስኪደርሱ አንዱን አልለቀቀችውም።

ጠርሙሱ ባሕር ዳር፣ መደርደሪያው ላይ፣ ባለቤቱ በበጋ እስክትመጣ ይጠብቃል። ማሩ ግን በየቀኑ እየጎደለ ነው። ሽባባው ሲጠየቅ፣ ብርቄ እወስደዋለሁ ያለችው ጠርሙሱን እንደሆነና ስለ ማሩ የተባለ ነገር አለመኖሩን ያስረዳል። ባዶውን ብታገኘውስ ሲሉት ደግሞ «የዕቃው ባለቤት ራሷ ናት የምትወስደው፤ የሚመልስ ሰው የለም» ይላል።

እኔም ወሬዬን እዚህ ላይ እዘጋለሁ፤ የሚወጣ ጫፍ ካያችሁበት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉልኝ።