አያ ሽባባውና በረዶ የመታው ማሳ

አያ ሽባባውን እኔ አልደረስኩበትም። አባቴ ግን ጎረቤቱ ነበር፤ እሱ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ከአባቴ ጋር ይነጋገር፤ እሱም ሞቷል።

ያን ጊዜ በደጋው አገር በረዶ እመልሳለሁ የሚል ደብተራ ነበር፤ ልሳኑ ይባላል። ሰማዩ ሲጠቁር ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደግማል፤ ለዚህም በየዓመቱ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ ይሰፈርለታል። አንድ ክረምት በረዶው መጣና ከመንደሩ ሰብል የሚበዛውን አነጠፈው። ደብተራው ግን ምንም ሳያፍር በጥቅምት ቁናውን ይዞ ከች አለ። ጭራሽ እኔ ባልደግም ኖሮ የፍየል ራስ የሚያህል ይወርድባችሁ ነበር አለ። ሰው ሁሉ እርግማኑን ፈርቶ ሲሰፍርለት፣ አያ ሽባባው ቁናውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠው።

«ላልወረደው በረዶ፣ ካልታጨደው ገብስ ስፈርና ውሰድ።»

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የአሥራት ገማቹ መጣ። ገማች ማለት እህሉ ሳይታጨድ ማሳውን አይቶ ይህን ያህል ይወጣዋል የሚል ሹም ነው። ይሄኛው፣ ባላምባራስ ደምለው፣ ጭቃ አይወድም። ከአያ ሽባባው ማሳ የተረፈችው የመንገድ ዳሯ ብቻ ነበረች፤ እሷን ከበቅሎው ሳይወርድ አየና ማሳው ሙሉ ነው ብሎ አስጻፈ። ገብተው ይዩት ቢባል አይቻለሁ አለ። ከዚያ ምሳ ጠየቀ። ገማችን ማብላት ወግ ነው፣ ምን ይደረግ። አያ ሽባባው ሞሰቡን እንደተከደነ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠና ክዳኑን በእጁ ተጭኖ ቆመ። ክፈተው እንጂ ምን ትጠብቃለህ ቢለው፣

«ማሳዬን ሳይገቡ እንዳዩት፣ ይሄንንም ሳይከፍቱ ይጥገቡ።»

ባላምባራሱ ጦሙን ሄደ፤ ቂሙን ግን ይዞ ነው የሄደው። አያ ሽባባው የሙሉ ማሳ አሥራት ክፈል ተባለ። ከየት ያምጣው? ያሉትን ሁለት የእርሻ በሬዎች ፈትተው ነዱበት። ያለ በሬ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ከመሰደድ በቀር ምን አለው? አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ይናደድ ነበር፤ እኔም እናደዳለሁ።

አያ ሽባባው ከአገረ ገዢው ከግራዝማች ይግዛው ችሎት ቀርቦ፣ አደግድጎ አቤት አለ። ግራዝማች ሆደ ቡቡ ናቸው ይባላል፤ በሬዎቹ ከግራዝማቹ ከራሳቸው በረት ታስረው ሳለ አዘኑለት። ምን ላድርግህ፣ አሥራት የእኔ ሳይሆን የእግዜር ድርሻ ነው፤ ከአሥሩ አንዱ የእሱ፣ ዘጠኙ ያንተ፤ የራሴ ቢሆን በማርኩህ፣ በእግዜር ድርሻ ግን ምን ሥልጣን አለኝ አሉት። አያ ሽባባው መሬት ድረስ እጅ ነሳ።

«እግዜርማ ዘንድሮ ራሱ መጥቶ ከአሥሩ አሥሩንም ወስዷል፤ ጌታዬ፣ ዘጠኙን እንዲመልስልኝ ዳኛ ይስጡኝ።»